ያበጠው መዘውር

ዶክተር ዘርዓብሩክ በሕይወት ሳለ ከቁርጥራጭ ክምር አጠገብ መቆም አይወድም ነበር። ነጭ ጋዋኑን በየቀኑ ያስተኩሳል፤ ጥላሸት ያየ እንደሆነ አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል። አሁን ግን እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ ባለው የአጥናፉ ማቅለጫ ቤት፣ ጓዳ ውስጥ፣ በአሮጌ ፒስቶንና በተጨማደደ ድስት ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍቷል። የተተኮሰው ጋዋን እስከ ወገቡ ድረስ ደም ጠጥቷል።

ኢንስፔክተር የሺዓለም እጇን ኮቷ ኪስ ከታ ለጥቂት ጊዜ አየችው። አፍንጮ በር ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ሰው ትንቃለች። ንቀቷ ግን አድልዎ የለውም፤ ሀብታም ከድሃ፣ የተማረ ካልተማረ አትለይም። በመምሪያው ውስጥ እንደ እሷ ያለ ሐቀኛ መርማሪ የለም የሚባለውም በዚሁ ነው። አለቆቿን ደግሞ ከሁሉም አብልጣ ትንቃለች፤ ዕድገት ያላገኘችውም በዚያው።

«ገዳዩ ተይዟል ኢንስፔክተር፤» አለ ሳጅን እምሩ፣ ሥራው እንዳለቀለት ሰው ደረቱን ነፍቶ።

«ማነው?»

«አብዱልሃኪም የሚባል የቤቱ አቅላጭ። እጁ ደም በደም ሆኖ ከዚህ ጓዳ ሲወጣ ነው የተያዘው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ሰው እየሰማ ተጣልቷል፤ ዝቶበታልም። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አለቃም መዝገቡ ቶሎ ይዘጋ ብለዋል።»

«የወደቀ ሰው ያነሣ ሰው እጁ በምን ይነከር ኖሯል? በሎሚ ጭማቂ?»

እምሩ ደረቱን ወደ ቦታው መለሰ።

የሺዓለም በርከክ ብላ ቁስሉን መረመረች። ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። መዶሻ እንዲህ አይመታም። ፒስቶንም ጭልፋም ክብ ነው። በሟቹ ፀጉር ውስጥ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ብናኝ አለ፤ መጋዝ የሚተፋው ዓይነት። ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ ግን ምንም የለም። ምንም ላልሸፈነ ጨርቅ ማን ይጨነቃል ብላ አሰበች። ለእምሩ አልነገረችውም፤ ይገባዋል ብላ አላመነችም።

ወደ ግቢው ወጣች። መሃል ላይ ምድጃው አለ፤ በምድጃው ውስጥ ከሸክላ የተሠራው ማቅለጫ ማሰሮ፤ በማሰሮው ውስጥ ሳይቀዳ የቀረ አሉሚኒየም መርጋት ጀምሯል። መሬት ላይ፣ ከአሸዋ ፎርማቸው ገና ያልጸዱ ሁለት የውሃ ፓምፕ መዘውሮች ተጋድመዋል። ከእነሱ ጎን፣ በሽቦ ከአንድ ሣጥን ጋር የተያያዘ ረጅም ዘንግ ቆሟል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ዘንግ ነበር። ዶክተሩ አሉሚኒየምን በአልትራሳውንድ ሊያክም መጣ የተባለ ዕለት የአራዳ ልጆች ከበር ሆነው «ስንት ወሩ ነው?» እያሉ ሲጮኹ ውለዋል።

ከዘንጉ አጠገብ ዓይኗ የቀላ ወጣት ሴት ቆማለች። ናዝራዊት ትባላለች፤ የዶክተሩ ረዳት ናት።

«ይኼ ነገር ምን ይሠራል?» አለቻት የሺዓለም። «ሳታራቅቂው ንገሪኝ።»

«አሉሚኒየም ሲቀልጥ ጋዝ ይውጣል ኢንስፔክተር። ሲረጋ ጋዙ መውጫ ያጣና ውስጡ ዓይን ዓይን ይሆናል፣ ልክ እንደ እንጀራ። እንጀራ ላይ ዓይን ያስመሰግናል፤ መዘውር ላይ ሲሆን ግን ይሰብረዋል። ዘንጉ የቀለጠው ውስጥ ገብቶ በጣም በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ድምፅ ነው፤ ግን ለጆሮ የረቀቀ ነው። ጋዙን እያራገፈ ወደ ላይ ያስወጣዋል። የሚረጋው ነገር ድፍን፣ ጠንካራ ይሆናል።»

«ማንም ሊይዘው ይችላል?»

«ይችላል። ግን መያዣው ላይ ያለውን ቁልፍ ጣት ካልተጫነው አይሠራም። የሚገባውም ሊቀዳ ሲል ነው። የያዘው ሰው እስኪቀዳ ድረስ ትቶት አይሄድም፤ የዶክተር ጥብቅ ሕግ ነበር።»

«ጥናቱ የማን ነው?»

«የሳቸው ስም ነው ያለበት።»

«የጠየቅኩሽ እሱን አይደለም።»

ናዝራዊት መሬት መሬት አየች። «የእኔ ነው፤» አለች። «ግን በዚህ ሰው አይገደልም።»

«በዚህ ሰው እንደማይገደል የነገረሽ ማነው? ከዚህም ባነሰ ሲገደል አይቻለሁ። ዘንጉን ማን ይዞ ነበር?»

«ጠዋት የመጀመሪያው መዘውር ሲቀዳ ዶክተር ራሳቸው ያዙ። ሁለተኛው ላይ አቶ አጥናፉ ‹ዛሬ እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ ምሳ ብሉ› አሉን። እኔና ሐጎስ ማዶ ወዳለው ምግብ ቤት ሄድን። መሃል ላይ ስልክ ላናግር ወጥቻለሁ። ሐጎስም ሲጋራ ሊገዛ ተነሥቶ ነበር።»

«አብዱልሃኪምስ?»

«አኩርፎ ግቢው ጥግ ቀረ። ለብቻው።»

አጥናፉ ቢሮው ውስጥ ነበር። ግድግዳው በፎቶግራፍ ተሸፍኗል፤ አጥናፉ የራስ ቁር አድርጎ፣ አጥናፉ ዘንጉን እንደ ጦር ጨብጦ፣ አጥናፉ ከእንግዶች ጋር እየሳቀ። የሺዓለም አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰውየው ፎቶ ያልተነሣው ከሬሳው ጋር ብቻ መሰላት።

«አዝናለሁ ኢንስፔክተር፤ ዶክተሩን እንደ ወንድሜ ነበር የማየው፤» አለ ከረባቱን እያላላ። «ያ ባለጌ! ለዓመታት ያበላሁት ሰው!»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከምድጃው ንቅንቅ አላልኩም። ዘንጉን ይዤ። ጣቴ እስኪደነዝዝ!»

«ሰው ወደ ምድጃው አልመጣም?»

«ዝንብ እንኳን! ዶክተሩ ‹ጓዳ ሥራ አለኝ› ብሎ ገባ። ልጆቹ ምሳ ሄዱ። አብዱልሃኪም ጥግ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጓዳው መሄጃ አለ፤ ከእኔ ምድጃ ግን አይታይም። መቀጃው ሲደርስ ጠራሁት፣ መጥቶ በጭልፋው ቀዳ። ‹ዶክተሩን ጥራው› አልኩት። ገባና እንደ እብድ እየጮኸ ወጣ።»

«የተቆረጠ መዘውር ጓዳ ውስጥ አይተው ነበር?» አለችው፤ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠራው ሐጎስ በር ላይ ሲያልፍ ስለ መዘውር አንድ ነገር ሲያጉረመርም ጆሮዋ ይዟል።

«የተቆረጠ? ኧረ እኔ አላየሁም።» አጥናፉ ከአስፈላጊው በላይ ቶሎ መለሰ። «ዛሬ ከሰዓት መዘውር የሚገዙን የጉድጓድ ውሃ ሰዎች ሊመጡ ነበር። ምን ብዬ ልንገራቸው? ስሜ እኮ ጠፋ!»

ሬሳው ገና አልተነሣም፤ ሰውየው ስሙን ይፈልጋል። የሺዓለም ሳትሰናበተው ወጣች።

ሐጎስ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ከተጠየቀው በላይ ይመልሳል፤ የሚፈለገውን ነገር ግን መሃል ላይ ቀብሮ ነው የሚያወጣው። ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ ክፋት፣ ስለ ሲጋራ መወደድ፣ ስለ ዶክተሩ ጋዋን ካወራ በኋላ፦

«ትናንት እኮ አንዷን መዘውር በመጋዝ ለሁለት ከፈልኩለት፤» አለ። «ጉድጓድ ውስጥ ተሰብራ የተመለሰች። መሃሏ ላይ እኔ በቶርኖ የማወጣው የብረት ቀለበት አለ፤ መጋዜን የበላው እሱ ነው።»

«ውስጧ ምን ነበረ?»

«ዓይን በዓይን። ዶክተሩ ተንጨረጨረ። ‹ይቺ ዘንግ ነክቷት አያውቅም፤ የእኔ ፊርማ ግን አለባት› አለ። ነገ እንግዶቹ ፊት አወጣዋለሁ ብሎ ጓዳ ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ሸፈናት።»

«ለማን ነገርክ?»

«እኔ ምን ቸገረኝ? ለማንም።»

«የሰው ውሃ የሚስብ መዘውር በሽተኛ መሆኑን አይተህ ‹ምን ቸገረኝ› አልክ?»

ሐጎስ ሳቅ አለ። የሺዓለም አልሳቀችም። ከራሱ በላይ ሚስማር ላይ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ቁርጥራጭ ሲመጣ መጀመሪያ በዚህ ይታሻል፤» አለ። «ማግኔቱ አሉሚኒየም አይዝም፤ ብረት ይይዛል። ብረት ያለበት ነገር ሳይፈለቀቅ ማሰሮ ውስጥ አይገባም፤ አይቀልጥም፣ የቀለጠውንም ያበላሻል። ይኼን የማያውቅ እዚህ ግቢ አይሠራም።»

«የሚያሠራውስ?»

«ጋሽ አጥናፉ? እሳቸው ምድጃው ጋ የሚመጡት ፎቶ ሲኖር ነው።»

ጣቢያው ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ነው። በሩ ላይ አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛ ቆማለች። ነጂባ ነኝ አለች፣ የአብዱልሃኪም ሚስት።

«ኢንስፔክተር፣ አፉ ነው እንጂ እጁ እኮ ክፉ አይደለም። ነገ ፍርድ ቤት ካቀረቡት በኋላ ማን ይሰማዋል?»

የሺዓለም ሴትዮዋ እውነቷን እንደሆነ ታውቃለች። እንዲህ ያለ መዝገብ አንዴ ከሄደ በኋላ የሚከተለው የለም።

አብዱልሃኪም እንደተለመደው እስረኛ አንገቱን አልደፋም። ክንዱ በእሳት ፍንጣሪ የተነቀሰ ረጅም ሰው ነው።

«ገደልከው?»

«ብገድለው በጠዋቱ፣ ሰው ፊት ነበር የምገድለው።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«አባቴ ከወሎ ይዞት በመጣው ሙያ ነው የኖርኩት። በአራዳ ከእኔ በላይ አቅላጭ ካለ ይጥሩት። እሱ ሰውዬ መጥቶ ‹ሥራህ በሽተኛ ነው› አለኝ። ‹አልትራሳውንድ ካስፈለገው ስንት ወሩ ነው?› አልኩት። ሠራተኛው ሳቀበት። ‹መሃይም› አለኝ። ‹ያን ዘንግህን አንገትህ ላይ እሰብረዋለሁ› አልኩት። አልኩ እንጂ አላደረግኩም።»

«ዘንጉ ጥቅም የለውም ነው የምትለው?»

አብዱልሃኪም ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ማስረጃ ልስጥዎት? ጠዋት እሱ ራሱ ይዞት የቀዳነው መዘውር ሲረጋ የተቀዳበት አፉ ላይ ጎደጎደ፤ ይኼ የጤነኛ ነው። ‹አየህ?› ብሎ ፎከረብኝ። ቀን ላይ ጋሽ አጥናፉ ይዘውት የቀዳሁት ግን አበጠ! አፉ ላይ እንደ ዳቦ ኩፍ አለ። ጋዝ ያለበት ነው እንዲያ የሚያብጠው። ያው ዘንግ፣ ያው ቁርጥራጭ፣ ያው ምድጃ! ታዲያ የታለ ድምፁ የሠራው? እውነቴን ነው የምልዎት፣ ደስ አለኝ። ‹ዶክተሩን ጥራው› ሲሉኝ እየሮጥኩ ነው የሄድኩት። ይምጣና ይየው ብዬ...»

እጁን አየ፤ ጥፍሩ ሥር ደም ቀርቷል።

የሺዓለም በውስጧ ተገረመች። ገመድ አንገቱ ላይ ሊገባ ነው፤ እሱ የሞተ ሰው በመሳሳቱ ይደሰታል። እንዲህ ያለውን ሰው ለማዳን መድከም ራሱ ቅሌት ነው። ቢሆንም ኮቷን ቆልፋ በፍጥነት ወጣች፤ ምክንያቱም ይህ የማይረባ ትዕቢት ከመርማሪዎቹ ሁሉ የተሻለ ነገር ነግሯታል።

ሲመሽ ከእምሩ ጋር ወደ ግቢው ተመለሰች። ማሰሮው ውስጥ የቀረው አሉሚኒየም ረግቶ ጠጥሯል። ገልብጠው ሲደበድቡት ሙሉውን ተላቆ መሬት ላይ ወደቀ። የስፒከሩን ማግኔት ከሚስማሩ አውርዳ ከላይ አሸችው፤ አልያዘም። አገላብጣ ታችኛውን አሸችው። ማግኔቱ ከእጇ አምልጦ ጠብ ብሎ ተጣበቀ።

እምሩ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። ነገ ከሌሎቹ ጋር ትሰማለህ አለችው፤ ከዚያም ናዝራዊትንና ሐጎስን በማለዳ አስጠርታ አንድ ሥራ አሠራቻቸው።

ጠዋት አብዱልሃኪም እጁ እንደታሰረ ወደ ግቢው መጣ፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። ነጂባ ከበሩ ውጭ ቀረች። አጥናፉ ጥቁር ሱፍ ለብሷል፤ ሐዘኑን ሳይሆን ልብሱን ለማሳየት የመጣ ይመስላል። ናዝራዊትና ሐጎስ ከመጋዙ አጠገብ ቆሙ።

«አላስቆያችሁም፤» አለች የሺዓለም። «ከመሣሪያው ልጀምር። ዶክተሩን የገደለው ነገር ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ በመጋዝ የተቆረጠ፣ የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ነው። ሐጎስ ለሁለት የከፈለው መዘውር እንዲህ ያለ ነው። ጓዳ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ጨርቁ አለ፣ መዘውሩ የለም። ማን ወሰደው? ወደዚያ እንመጣለን። አቶ አጥናፉ፣ ትናንት ሁለተኛው እስኪቀዳ ዘንጉ ከእጅዎ አልወጣም ብለዋል።»

«አልወጣም!»

«ወደ ምድጃውም ማንም አልመጣም።»

«ዝንብ እንኳን አልኩ እኮ።»

«እንግዲያው የትናንት ጠዋቱና የትናንት ቀኑ መዘውር ውስጣቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ባስቆርጣቸው ይቃወማሉ?»

አጥናፉ ወደ ናዝራዊት፣ ወደ ዘንጉ፣ እንደገና ወደ ኢንስፔክተሯ አየ። ከዚያ ሳቀ፤ የልቡን ሳቀ። «ይቆረጡ! አሉሚኒየም አሉሚኒየም ነው። ምን ልዩነት ሊኖረው?»

የሺዓለም የጠበቀችው ይህችን ነበር። ለእምሩ ምልክት ሰጠችው፤ እሱም ወደ በሩ ተጠጋ።

መጋዙ ጮኸ። ሐጎስ መጀመሪያ የጠዋቱን፣ አፉ የጎደጎደውን ከፈለ። የተቆረጠው ፊት ድፍን ነው፤ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ የለውም። ቀጥሎ ያበጠውን ከፈለ። ሲለያይ ናዝራዊት አፏን ያዘች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይን ብቻ ነው።

«አብዱልሃኪም፣ ትናንት ያልከኝን ድገመው፤» አለች የሺዓለም።

«አብጦ ነበር አልኩ፤» አለ አብዱልሃኪም ቀስ ብሎ። ዓይኑን ከሁለቱ ፊቶች አላነሣም። «ያው ዘንግ ነው ብዬ ነበር።»

«ያው ዘንግ አልነበረም። ዘንጉ አልገባም። ትናንት በዚህ ግቢ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ሰው ሸፋፍኖታል፤ አሉሚኒየሙ ብቻ ነው ያልዋሸው።»

የአጥናፉ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። «ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናላ! እኔ ይዤዋለሁ፤ አልሠራ ብሎ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«ይህን እንደሚሉ ገምቼ ነበር። ሐጎስ፣ ሦስተኛውን አምጣው። ዛሬ በማለዳ ከዚያው ቁርጥራጭ ናዝራዊት በዚያው ዘንግ አክማ የቀዳችው ነው፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ።»

ሐጎስ የተከፈለውን መዘውር አነሣ። ድፍን ነው። ከትናንት ጠዋቱ ጋር አስተያይቶ ዝም ብሎ አስቀመጠው፤ ሐጎስ ወሬ ሲያጣ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ይዘው አልቆሙም። ያልቆሙበት ጊዜ የት ነበሩ? ጓዳ። ዶክተሩ የተቆረጠውን መዘውር አሳየዎት። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ዘንጉን እያበሩ፣ ሌላ ጊዜ ያልታከመ መዘውር በእሱ ፊርማ ሲሸጡ እንደነበር ደረሰበት። ከሰዓት በገዢዎቹ ፊት ሊያወጣው ነበር። ዞር ሲል በዚያው በግማሹ መዘውር መቱት።»

«የታለ? የታለ መዘውሩ?» አለ አጥናፉ እየጮኸ። «ግቢውን በሙሉ ፈትሻችሁ የለ!»

«ማቅለጫ ቤት ውስጥ ዕቃ ለማጥፋት ጉድጓድ አይቆፈርም።»

የሺዓለም የረጋውን የማሰሮ ቅሪት በእግሯ ገፋ አድርጋ ገለበጠችው። ማግኔቱን በሲባጎው አንጠልጥላ ዝቅ አደረገች፤ ሄዶ ተለጠፈ። ሐጎስ ሳይታዘዝ ቅሪቱን በመዶሻና በመሮ ፈለፈለው። ከአሉሚኒየሙ ሥር መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎም ሌላ ግማሽ የብረት ቀለበት ወጣ። ሁለቱን ሲያጋጥማቸው አንድ ሙሉ ቀለበት ሆኑ፤ በመጋዝ የተቆረጠው ቦታ ልክ ለልክ ገጠመ።

«የእኔ ነው፤» አለ ሐጎስ። «የእኔ ሥራ ነው። ያቺ የከፈልኳት።»

«አሉሚኒየሙ ቀለጠ፤ ቀለበቱ ሰጠመ። አብዱልሃኪም ከላይ ከላይ በጭልፋ ስለቀዳ አላየውም። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረ፤ ማን ጣለው? አብዱልሃኪም ቢሆን ቀለበቱን ሳይፈለቅቅ አይጥልም፤ ነፍስ ሲያጠፋ እንኳ የቀለጠውን አያበላሽም፤ ያን ያህል ትዕቢተኛ ነው። ሐጎስ የቀለበቱ ባለቤት ነው። ናዝራዊት ብረት አሉሚኒየም ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በዚህ ግቢ ማሰሮ ውስጥ የተጣለ ሁሉ ይቀልጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አንድ ብቻ ነው። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ደግሞም እርስዎ ራስዎ ምለዋል፤ ከእርስዎ በቀር ወደ ምድጃው ዝንብ እንኳን አልመጣም።»

አጥናፉ ወደ በሩ አየ፤ እምሩ ቆሟል። ከረባቱን ፈታ፣ እንደገና ሊያስረው ሞከረ፣ አቃተው።

«ለአንድ ዘንግ!» አለ በመጨረሻ፤ ድምፁ ሰለለ። «ለማይሰማ ድምፅ! ሰው ምን ያውቅ ነበር? አንዲት መዘውር ብትሰበር ሌላ እሰጥ ነበር። ‹ውሸታም ነህ፣ ዛሬ ትዋረዳለህ› አለኝ። በገዛ ቤቴ!»

«ቢያምኑበት ኖሮ ዛሬ ባልተያዙ፤» አለች የሺዓለም። «አሉሚኒየሙን ለአፍታ እንኳ አክመው ቢያስቀዱት ምን ይዤ እከራከርዎት ነበር? ግን ለፎቶ የሚይዙት እንጨት ነው የመሰለዎት። የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ? ሰፈሩም ስንት ወሩ ነው እያለ ሲጠይቅ ነበር። ውሰደው፣ እምሩ።»

አጥናፉ ሲወሰድ ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶግራፎች ጋር ምንም አይመሳሰልም ነበር። ናዝራዊት ወደ ጓዳው በር ሄዳ ለብቻዋ አለቀሰች። የሺዓለም የአብዱልሃኪምን ካቴና ራሷ ፈታችለት።

ሰውየው ወደ በሩ ይሮጣል ብላ ነበር። አልሮጠም። ጎንበስ ብሎ የትናንት ጠዋቱን መዘውር ግማሽ አነሣና በአውራ ጣቱ የተቆረጠውን ፊት ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። መልሶ ዳሰሰው።

«አንድም ዓይን የለውም፤» አለ። «ሰላሳ ዓመት ስቀዳ እንዲህ ያለ ወጥቶልኝ አያውቅም።»

ግማሹን ወደ ብርሃን አዞረው።

«‹አየህ አብዱልሃኪም?› ብለውኝ ነበር ዶክተሩ ትናንት ጠዋት። ፊቴን አዞርኩባቸው። ቀን ላይ ሲያብጥ ደግሞ ላሳፍራቸው... እየሮጥኩ እኮ ነው የገባሁት ኢንስፔክተር። እየሳቅኩ ነው የገባሁት።»

የሺዓለም ለዚህ ሰው የሚሆን ንግግር ከትናንት ጀምሮ አዘጋጅታ ነበር፤ ስለ አፉ፣ ስለ ትዕቢቱ፣ ስለ ደስታው። ጥሩ ንግግር ነበር። አላወጣችውም።

«ማስረጃ ነው፤ ወዲህ በል፤» አለችው እጇን ዘርግታ።

«ትንሽ ልየው።»

እጇን ወደ ኪሷ መለሰች። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ ነጂባን «ግቢ» አለቻት።